ቦታ ያዝልኝ

ተቀምጦ ማንበብ በአዲስ አበባ ውድ ነገር ሆኗል። ስለ መጽሐፍ ዋጋ ማውራቴ አይደለም፤ እሱንማ ገዝቶ ያየ ያውቀዋል። መጽሐፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ስታዩ የታተመው ዋጋ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱን በጥፍር ስትልጡት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይወጣል። እሱንም ብትልጡት ማተሚያ ቤቱ ያተመው ዋጋ ብቅ ይላል፤ ዛሬ በዚያ ብር ዕልባቱን እንኳ አይሸጡላችሁም። እኔ ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ መቀመጫው ነው።

«ቤትህስ?» ትሉኝ ይሆናል። ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ሰው በቤተሰቡ ዓይን ሥራ የፈታ ሰው ነው። በር ሲንኳኳ የሚነሣው እሱ፣ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ የሚያናግረው እሱ፣ እንጀራ ሲያልቅ የሚላከው እሱ። ባለቤቴ አራት መቶ ገጽ በእጄ ይዤ እያየችኝ «ምንም ካልያዝክ እስቲ ይቺን ሽንኩርት ላጥልኝ» ትለኛለች። ጎረቤታችን ፎቅ እየሠራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቆረጣል። ማታ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ቴሌቪዥኑን አስከትሎ ነው።

ካፌም ሞክሬዋለሁ። ማኪያቶ አዝዤ የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛውን ትወለውላለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ባዶውን ብርጭቆ ታነሣለች። ብርጭቆ በሌለበት ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው ምን መብት አለው? «የሚጨመር አለ?» ትላለች በትሕትና። የለም ስላት ሒሳቡን ሳልጠይቃት ይዛ ትመጣለች። አልፈርድባትም፤ በር ላይ ቆመው ወንበሬን የሚያዩ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ካፌማ ላፕቶፕ መክፈት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፏል። መጽሐፍ ያልተከለከለው ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብለው ስላልጠረጠሩ ይመስለኛል።

እንዲህ መቀመጫ አጥቼ ስንከራተት ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ አንድ ምሽት «አባዬ፣ ነገ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ቦታ ያዝልኝ» ያለችኝ። ጠዋት ጠዋት ቱቶሪያል አላት፤ እስክትደርስ ወንበሩ ሁሉ ይያዝባታል።

«የቱ ቤተ መጻሕፍት?»

«የወረዳው ነዋ!»

የወረዳው የሚባለው ዱሮ የቀበሌው የነበረው ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጧጧፍ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ፊደል ቆጠረ፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ የሚያነበው ይፈልጋልና በየቦታው የንባብ ክፍል ተከፈተ። የእኛ ቀበሌ ከኅብረት ሱቁ ጎን አንዲት ክፍል ነበረችው። ማትሪክ ያጠናሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ውጤት ከመጣ በኋላ ግን በበሯ እያለፍኩ ዞር ብዬ አላየኋትም። እንዲህ የምናደርግ ብዙ ነን፤ ቤተ መጻሕፍትን የፈተና ሰሞን ዘመድ አድርገነው ፈተናው ሲያልፍ እንጠፋበታለን።

በማግሥቱ ማልጄ ሄድኩ። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ መታወቂያ ማሳደሻው በዚያኛው በር ነው» አለኝ።

«ቤተ መጻሕፍት ነው የመጣሁት።»

«የሰው መጥሪያ ይዘው ነው?»

ላነብ ነው ስለው ፈገግ ብሎ ፈተሸኝ። ክፍሏ ሰፍታለች፤ ኅብረት ሱቁም ተጨምሮባታል። ገና በማለዳው ግማሹ ወንበር ተይዟል፤ ሰው ግን የለም። አንዱ ጋ ደብተር፣ አንዱ ጋ ሻርፕ፣ አንዱ ጋ ካልኩሌተር፣ አንዱ ጋ ክዳን የሌላት እስክሪብቶ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባለቤቶቻቸው የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ። የልጄን ደብተር አስቀምጬ ልወጣ ስል አንድ ልምድ ያለው ተማሪ መከረኝ፦ «ጋሼ፣ ደብተር ብቻውን ከተዉት ይገፉታል፤ አጠገቡ ይቀመጡ።» ተቀመጥኩ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ሰለቸኝና መጽሐፍ ልጠይቅ ብዬ ወደ መስኮቷ ሄድኩ።

በእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያው መሀል ገብቶ መዞር የለም። መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ኋላ ሰማያዊ ጋውን የለበሰች ሴት አለች፤ ልጆቹ እትዬ ይሏታል። ፎርም ትሞላለህ፣ መታወቂያ ታስይዛለህ፣ መጽሐፉ ይመጣል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ካርዶች የተደረደሩት በደራሲው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም፤ በዓሉ ግርማን የሚፈልግ «በ» ፊደል ዘንድ ይሄዳል። የመደርደሪያው አከፋፈል ግን የአሜሪካኑ የዲዊ ነው፤ ዓለምን በሙሉ ከ000 እስከ 999 ቁጥር ሰጥቶ ለኢትዮጵያ ታሪክ 963ን ለቆላታል። ሦስት ሺህ ዘመን በሦስት አኃዝ! ቁጥር ያነሰን እንደሆነ ከነጥቡ በኋላ መጨመር ይቻላል አሉ።

«ምን ላምጣልዎ?» አለችኝ እትዬ።

ጥያቄው የካፌዋ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ፣ ይቺኛዋ ከመለስኩላት በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ዳግም አልመጣችም። ሒሳብም የለም።

ያመጣችልኝ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልቦለድ ያላነበበው ሰው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል፤ እኔም ታሪኩን ጠንቅቄ ነው የማውቀው። የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የመመለሻ ቀን የሚመታባት ወረቀት ተለጥፋለች፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ማኅተም ተደራርቦባታል። በ1970ዎቹ ወሩን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖሯል። ቆይቶ ማኅተሙ ይሳሳል፤ ከዚያ ይቆማል። ለምን ቆመ ብዬ እትዬን ስጠይቃት «ወደ ቤት ማዋስ ስለቀረ ነዋ!» አለችኝ። ለምን ቀረ? «የወሰደው አይመልስማ!»

ዋናው ጨዋታ ያለው ግን ኅዳጉ ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በሚኮፈሱበት አንድ ገጽ ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጠንከር ባለ እጅ «ፊውዳሊዝም ይውደም!» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በሰማያዊ፣ ሌላ ሰው፦ «እሺ ወደመ። ከዚያስ?» ከዚያ በእርሳስ፦ «ከዚያማ ቀበሌ መጣ።» ከሁሉም ሥር፣ በአረንጓዴ ማድመቂያ የተሰመረበት፣ የቅርብ ጊዜ የተማሪ ጽሑፍ አለ፦ «ይህ ለፈተና ይመጣል?» አርባ ዓመት የተካሄደ ስብሰባ ነው፤ አጀንዳው ሳይቀየር ተሰብሳቢው ብቻ የተቀያየረበት። ሌላ ቦታ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ አስተማሪና ተማሪ፣ መግባባት በሚጀምሩበት አካባቢ አንድ ቅጠል ተቀዷል። የቀደደው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለምን እንደቀደደው ግን ለመገመት አይከብድም። ቀጥሎ ያነበበው ሰው ታዲያ ዝም ብሎ አላለፈም። በሚቀጥለው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በደቃቅ እጅ ጽሕፈት፣ የጎደለውን ሁሉ በማስታወስ ጠቅለል አድርጎ ጽፎልናል። ሲጨርስ «ስሕተት ካለው አርሙት» ብሏል። አርመውታል።

መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግድግዳውም ላይ ተለጥፏል። እኔን ግን ያስደሰተኝ ነውሩ ነው። እቤቴ መደርደሪያ ላይ ያለው ንጹሕ ቅጂ እንዲህ አያጫውተኝም።

ልጄ መጥታ ወንበሯን ስትረከብ እኔ አልተነሣሁም። ወንበር ለሁለት አይያዝም ብላ ልታባርረኝ ሞክራ ነበር፤ ጡረተኞቹ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መስኮቱ ሥር የጡረተኞች ጠረጴዛ አለ። አንድ ጋዜጣ ለአራት ነው የሚያነቡት፤ ቅጠሉን ለያይተው ይከፋፈሉና ይቀያየራሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ነው፤ አንደኛው ሽማግሌ ከሱ ብዙም የማያንሱ ናቸው። ሌላኛው የጨረታውን ገጽ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ያገለገለ ተሽከርካሪ፣ የቢሮ ዕቃ፣ የጄኔሬተር መለዋወጫ፣ የማስያዣውን ገንዘብ ሳይቀር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ምንም የሚገዙት የለም። «ዋጋ ማወቅ ደግ ነው» አሉኝ። ዱሮ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ በኪራይ እያነበብን የሥራ ማስታወቂያ ስንገለብጥ፣ አከራዩ ጊዜያችሁ አለቀ እያለ እላያችን ላይ ይቆም ነበር። እዚህ የሚቆምብን የለም።

«አብርሆት እያለ ምን እዚህ አስቀመጠህ?» ያለኝ ሰው አለ። አብርሆትን አይቼዋለሁ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ተመርቆ የተከፈተ፣ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ በአንድ ጊዜ ከ2000 በላይ አንባቢ የሚይዝ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ገብቶ ያላየው ይይ። እኔ ግን አራት ኪሎ ለመድረስ ታክሲ ተሰልፌ፣ ተሳፍሬ፣ ወርጄ፣ ሌላ ተሳፍሬ ስደርስ የማነበው ይጠፋኛል። ቤተ መጻሕፍት በነጠላ ጫማ የሚኬድበት ቦታ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሕፃናት ክፍል ሲሠራ ቆይቶ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ያሉበት ድረስ አስኬደው። መጽሐፍ ሰው ጋ ከሄደ ሰው መጽሐፍ ጋ የማይሄድበት ምክንያት ያጥረዋል።

ሌላው ያልታሰበ የቤተ መጻሕፍት ጥቅም ወዳጅነትን ማትረፉ ነው። በእኛ አገር መጽሐፍ መዋዋስ ያቀያየመውን ሰው ዕቁብ አላቀያየመውም። ሲበደሩ ገንዘብ ከሆነ ምስክር አለ፤ መጽሐፍ ከሆነ «ለሁለት ቀን» ብቻ ነው ያለው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ ሰው በድብቅ እየተቀባበለ አነበበው፤ ያን ጊዜ እንኳ፣ ሊያሳስር የሚችል መጽሐፍ ሆኖ፣ ሳይመለስ የቀረው አይጠፋም። የጥንት ሰዎች ጠባያችንን ስለሚያውቁ በወዳጅነት አልተማመኑም። ብራናውን ጽፈው ሲጨርሱ የሰረቀውን፣ የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አውግዘው፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ ለቄሰ ገበዙ ያስረክቡ ነበር። ከዚህ የጠነከረ የመጽሐፍ ጥበቃ ዛሬም አልተሠራም።

ውግዘቱ የማይሠራው አማርኛም ግዕዝም በማያነብ ሰው ላይ ብቻ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ አወረዳቸው። 350 ያህሉ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። በቀን አምስት ሳንቲም ብቻ ቅጣት ብናስብ የእኛ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት አዲስ ጣሪያ ያገኝ ነበር።

እኛም የማንመልስ ስለሆንን ሕግ ያስፈልገናል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የመጣው ትልቁ ነገር፣ ለእኔ፣ አሳታሚ ካሳተመው ቅጂ እዚያ እንዲያስቀምጥ በአዋጅ መታዘዙ ነው። ውግዘት ሳይሆን አዋጅ፤ ቢሆንም ያው ዓላማው አንድ ነው፤ ቢያንስ አንዷ ቅጂ ወዳጅ እጅ እንዳትገባ ነው።

ይህን የምለው ወዳጅ ስላለኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለሁለት ቀን ወስዶብኛል። በየበዓሉ ስንገናኝ «መጽሐፌስ?» እለዋለሁ፤ «አለልህ» ይለኛል። አንድ ዓመት እየጨረስኩት ነው አለ፤ በሌላው ዓመት ለወንድሙ ሚስት ሰጥቷት ነበር። ከዚያ መጠየቅ ተውኩ። እቤቱ ስሄድ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሠርጉ ፎቶ ጎን፣ በፍሬም የገባች የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰቅላለች፦ ለንባብ ባህል መዳበር ላደረጉት የመጻሕፍት ልገሳ። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ሰውዬው እቤቱ ከስልክ ማውጫ በቀር መጽሐፍ አልነበረውም።

አንድ ቀን እትዬን ከ963 የማነበውን ነገር ምረጪልኝ አልኳት። ሦስት መጽሐፍ አምጥታ ደረደረችልኝ። የመሀለኛው ሽፋን ላይ የቡና ሲኒ ክብ አለ። ያቺን ክብ አውቃታለሁ። ገለጥኩት። የወረዳው ማኅተም፣ ደምቆ፣ በትክክል ከእኔው ስም ላይ አርፏል። ከማኅተሙ ሥር ደግሞ በሴት እጅ ጽሕፈት የተጻፈች፣ መጽሐፉን የሰጠችኝ ልጅ ያኔ የጻፈችልኝ፣ ሦስት መስመር መታሰቢያ አለች። ምን እንደምትል እዚህ አልጽፍም። ከባለቤቴ ጋር ከመተዋወቄ በፊት የሆነ ጉዳይ ነው። ሥሩ ላይ የተጻፈው ቀን ግን፣ ቁጭ ብለው ሲያሰሉት፣ ትንሽ ያከራክራል።

ወዳጄ ጋ ደወልኩ። «ታዲያ ለሕዝብ ጠቀምኩህ እንጂ ምን ጎዳሁህ?» አለኝ። ቀጠለናም «ለነገሩ እኔም አልጨረስኩትም ነበር፤ እዚያ ሄጄ ማንበብ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የራሴን መጽሐፍ ለማንበብ ፎርም ሞልቼ መታወቂያ ማስያዝ ጀመርኩ። ማንበብ እንኳ አይባልም፤ ልጄ ከጀርባዬ በሁለት ወንበር ርቀት ስለምታጠና ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ መያዝ ነው። ጠዋት ሲከፈት እጠይቀዋለሁ፣ ሲዘጋ እመልሰዋለሁ። ጡረተኞቹ «ምን ያለ ጥሩ መጽሐፍ ቢሆን ነው!» ይባባላሉ።

እትዬ ሥራዋን አክባሪ ናት። ማን ምን እንደጠየቀ በመዝገብ ትይዛለች፤ በወሩ መጨረሻ ቆጥራ ብዙ የተጠየቀውን መጽሐፍ በሩ ላይ ባለችው መስታወት ቤት ውስጥ ታስቀምጣለች፣ አንባቢ እንዲበረታታ። ስም ያለበት ገጽ ደስ ይላል ብላ ከፊት በኩል ገልጣ ነው ያስቀመጠችው።

ያን ዕለት ምሽት እራት ላይ ልጄ ስልኳን አወጣችና «አባዬ፣ ይሄ ያንተ ስም አይደል?» አለች። ባለቤቴ መነጽሯን አምጥታ አየችው። ሦስቱን መስመር አንብባ ጨረሰች፤ ጣቷን እያጠፈች ዓመቱን ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ መነጽሯን አጥፋ ልጄን ጠየቀቻት፦

«ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»